ለመርዶዬ የተመረጠው እሑድ

እናቴ ከተቀበረች በኋላ ነው ጎል አግብቼ የጨፈርኩት። ሜዳው ዳር ቆሞ ካጨበጨበልኝ የአገሬ ሰው መካከል መሞቷን የማያውቅ አንድም አልነበረም። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። የመጡትም ለኳሱ ብለው ሳይሆን፣ ጨዋታው ሲያልቅ መርዶ ሊነግሩኝ ነበር።

ይህን ለጀርመን ሰው ሳወራ አይገባውም። ከቡድኔ ልጆች አንዷ «ታዲያ ለምን ጠበቃ አልያዝሽም?» ብላኛለች። የእኛ ሰው ግን ገና ሳልጨርስ ይገባዋል፤ «ደግ አድርገዋል» የሚለኝም አይጠፋም። እኛ ዘንድ ሞት ለባለቤቱ በስልክ አይነገርም። መጀመሪያ ጎረቤት ይሰማል፣ ሽማግሌ ይመክራል፣ ቀን ይመረጣል፣ ደጋፊ ሰው ይሰበሰባል፤ ሐዘንተኛው ከሁሉ በኋላ ነው የሚሰማው። ሁሉም በአንድ ሰፈር በሚኖርበት አገር ይህ የአንድ ሌሊት ነገር ነው፤ ማታ የተሰማው ንጋት ላይ ይነገራል። ፍራንክፈርት ግን ሰው ሁሉ ፈረቃ አለው። አንዱ ግሪስሃይም ሰፈር መጋዘን ውስጥ ዕቃ ይጭናል፣ ሌላዋ አልተንሃይም፣ መጦሪያ ቤት፣ ገብታ የጀርመን አዛውንቶችን ታጥባለች፣ ሦስተኛው አውቶቡስ ይነዳል። ሁሉም የሚያርፉበት ቀን እስኪገኝ ድረስ መርዶዬ እንደ ጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ቴርሚን ተይዞለት ጠበቀኝ።

ያኔ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ ፕሮይንገስሃይም በሚባል ሰፈር ከአክስቴ ጋር እኖራለሁ። አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት። አባቴ ከሞተ በኋላ፣ በዐሥራ ሦስት ዓመቴ ወደዚህ አምጥታ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እናቴ ከወንድሜ ጋር ሐዋሳ ቀረች። ስኳር ነበረባት። በየሳምንቱ እንደዋወል ነበር፤ እሷ ስለ ስኳሯ ትዋሸኛለች፣ እኔ ስለ ትምህርቴ እዋሻታለሁ፣ እንዲህ ተስማምተን እንኖራለን። ሴሚስተሩ እንዳለቀ ሄጄ ልጠይቃት ትኬት እያየሁ ነበር።

ኳስ የጀመርኩት እዚያው ሐዋሳ ከወንዶች ጋር ነው። እናቴ አልከለከለችኝም። «ጭቃውን ግን ራስሽ ታጥቢያለሽ» ብቻ ነው ያለችኝ። እዚህ አክስቴ ቤት ኳሱ እንደ ልጅነት ኩፍኝ ታየ፤ ይለቃታል ብለው ጠበቁ። አልለቀቀኝም። ሆህሹሌ፣ ኮሌጅ መሆኑ ነው፣ ስገባ የሴቶች ቡድን አገኘሁ፣ ቡድን ከተባለ። ተቀያሪ ወንበራችን ላይ ከሰው ይልቅ ቦርሳ የሚበዛበት ቀን ነበር። በክልሉ የከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ዋንጫ ከመጀመሪያው ዙር አልፈን አናውቅም። በዚያ ዓመት ምን እንደነካን እንጃ፣ አንዱን በዕድል አንዱን በጉልበት እያልን ግማሽ ፍጻሜ ደረስን። በሌላው ወገን ደግሞ የቬስትኤንዱ ዩኒቨርሲቲ እያሸነፈ ይመጣ ነበር። ትልቅ ነው፣ ተማሪው አይቆጠርም፤ የሴቶች ቡድኑ ግን እንደኛው ፍጻሜ የሚባል አይቶ አያውቅም።

በእነሱ ተከላካይ መስመር መሃል የምትቆመው ጓደኛዬ ነበረች። አባቷ የጉባኤያችን ዋና ሽማግሌ ናቸው። ጉባኤያችን እሑድ ከሰዓት በኋላ ግሪስሃይም በተከራየው አዳራሽ ይሰበሰባል፤ እኔና እሷ መዘምራን ውስጥ ጎን ለጎን ቆመን ነው ያደግነው። እዚህ ስለተወለደች እኔ በአማርኛ ሳወራት በጀርመንኛ ትመልስልኛለች። አንዳችንም ቋንቋችንን ሳንቀይር ለዓመታት ያለ ችግር ተግባብተናል።

ግማሽ ፍጻሜውን ቅዳሜ ተጫወትን። እናቴ የሞተችው ዓርብ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አክስቴ ዓይኗ ቀልቶ፣ ፊቷ አብጦ ከመታጠቢያ ቤት ወጣች። «ሆይሽኑፕፈን ነው» አለችኝ። የአበባው ብናኝ ሰውን ሁሉ የሚያስነጥስበት ወር ስለነበር ፋርማሲ ወርጄ የዓይን ጠብታ ገዛሁላት። የገዛ እህቷ የሞተችባት ሴት ጠብታውን ተቀብላ «ተባረኪ» አለችኝ፤ እያየኋትም ዓይኗ ውስጥ ጨመረችው።

በዚያ ቀን አሸነፍን። ከሜዳ ሳልወጣ ለእናቴ በድምፅ ላክሁላት፤ «እማዬ፣ ፍጻሜ ገባን፣ እስቲ ጸልዪልን»። በማግስቱ በጽሑፍ መለሰችልኝ። «ደስ ብሎኛል ልጄ። ጉንፋን ድምፄን ዘግቶታል። ጌታ ያግዝሽ» ይላል። እናቴ ጽፋልኝ አታውቅም፤ ሁልጊዜ በድምፅ ነው፣ ያውም ከጎረቤት ጋር እየተነጋገረች። ስደውል ስልኩ አይነሳም። አክስቴን ስጠይቃት «ኔትወርክ የለም፣ አገሩን አታውቂውም?» አለች። አገሩን ስለማውቀው አመንኩ። በስደት የምንኖር ሰዎች ኔትወርክ የለም ሲሉን ለመጠርጠር አቅም የለንም፤ ግማሹን ጊዜ እውነት ነውና።

በሳምንቱ መሃል ግን ነገሩ አላምር አለኝ። ልምምድ ላይ ኳስ እግሬ ሥር ያመልጠኛል፣ ምግብ አይበላልኝም። አክስቴ ድንች ስትልጥ ወጥ ቤት ገብቼ «ፍጻሜው ይቅርብኝ፣ ነገ ትኬት ቆርጬ እማዬን ልያት» አልኳት። ቢላዋውን አስቀመጠች። «ትናንት አነጋግሬያታለሁ፣ ደህና ናት» አለችኝ። «እንዳትመጣ፣ ጨዋታዋን ትጨርስ ብላሻለች።» እናቴ ብላለች ከተባለ ምን እላለሁ? ቀረሁ። ያን ጊዜ ወጥ ቤት ቆሜ የለመንኩት አንድ ነገር ቢኖር እናቴ ዘንድ መሄድ ነበር፤ የከለከሉኝም በእናቴ ስም ነው።

አሁን ሳስበው ያልታየኝ ነገር የለም። ከልምምድ ስመለስ ሳሎናችን ውስጥ የጎረቤት ወንበር ተደርድሮ አገኛለሁ፤ «የጸሎት ኅብረት ነበረን» ይሉኛል። ጸሎት እንኳ ቢሆን ያ ሁሉ ምስር ወጥ ለማን ነው? እኔ ስወጣ ለቅሶ ይገባል፣ እኔ ስገባ ለቅሶው በኋላ በር ይወጣል። ከግማሽ ፍጻሜው ማግስት በነበረው እሑድ ደግሞ ሁለታችንን፣ እኔንና ጓደኛዬን፣ ወደ ፊት ጠርተው ጸለዩልን። አባቷ እጃቸውን በራሳችን ላይ ጭነው «ለሁለቱም ልጆችህ ድልን ስጣቸው» አሉ። እኔ ሳቄ መጣ። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ «ሁለታችንም ካሸነፍን ዋንጫውን በመጋዝ ሊከፍሉት ነው?» አልኳት። በዚህ ዓይነት ነገር ሁልጊዜ ትስቅ ነበር፤ ያን ቀን መሬት መሬት አየች። ከኋላ ያሉት ሴቶች አሜን ሲሉ ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። ለኳስ የሚያለቅስ ጉባኤ አየሁ ብዬ ለቡድኔ ልጆች አውርቼ አስቄአቸዋለሁ።

የፍጻሜው ቀን እሑድ ነበር፣ ሰኞ ደግሞ ፋይርታግ፣ የበዓል ዕረፍት። ሽማግሌዎቹ ይህን ቀን የመረጡት ሰኞ ማንም ሥራ ስለማይገባ ነው፤ ሐዘንተኛ እስኪመሽ ይዞ ለመቀመጥ ይመቻል። የአዳራሹን ጉባኤ ሰረዙ። በበረዶ ቀን፣ ባቡር ባቆመበት ቀን ያልተሰረዘ ጉባኤ ለእኔ ኳስ ተሰረዘ ሲሉኝ ማመን አቃተኝ። አለባበሳቸውን አስታውሳለሁ፤ በዚያ ፀሐይ ሁሉም ጥቁር ነገር ለብሰዋል። የእኛ ማልያ ጥቁር ነበር። የእኔን ቡድን መርጠው የለበሱ መስሎኝ፣ ለጓደኛዬ አዘንኩላት። እንዲህ ያለ ሞኝነቴን ሳስታውስ እስካሁን አንጀቴ ያርራል።

ጨዋታው ጥሩ አልነበረም። ሁለታችንም ፍጻሜ ተጫውተን ስለማናውቅ ሁለታችንም ፈርተናል፤ ኳስ ያገኘ ሁሉ ቶሎ ወደ ሰማይ ይልካል። የእኛ ግብ ጠባቂ ጓንቷን ማሰር ስላቃታት ሁለት ጊዜ እኔ ነኝ ያሰርኩላት። የእነሱ አጥቂ ባዶ ጎል ስታ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ጓደኛዬ ግን እንደ ልማዷ ቆማለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ሮጣ አትጣልም፣ ትጠብቃለች፤ አንቺ የምትሄጂበትን ቀድማ ታውቅና እግሯን ታስገባለች። መዘምራን ልምምድ ሲያበቃ ከአዳራሹ ጀርባ ስንጫወት እንኳ አንድም ቀን አልፌያት አላውቅም። በዚያም ቀን ሙሉውን ጨዋታ አላለፍኳትም።

ሊያልቅ ሲል፣ ደክሞን ተጨማሪ ሰዓት እንዳይመጣብን በምንለምንበት ሰዓት፣ ከመሃል ሜዳ ረጅም ኳስ መጣልኝ። ዞርኩ። ከእኔና ከጎሉ መካከል እሷ ብቻ ነበረች። ወደ ግራ እንደምሄድ አሳይቼ ወደ ቀኝ ሄድኩ፤ ያረጀ ማታለያ ነው፣ ሺህ ጊዜ ይዛብኛለች። ያን ጊዜ ግን እግሯ አልመጣም። መታሁት፣ ገባ።

ማልያዬን ጭንቅላቴ ላይ ጥዬ ሮጥኩ፣ ሜዳው ዳር ካሉት ሰዎቼ ፊት ስደርስ ትከሻዬን እየመታሁ ጨፈርኩላቸው። እስክስታ ነው፣ ያውም ጴንጤዎቹ ፊት። ማንም አልተቆጣኝም። እጃቸውን አነሱና አጨበጨቡ። ከመካከላቸው አንዷ እናት ጭብጨባውን ስታቆም አይቻለሁ፤ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አክስቴ እጇን አፏ ላይ ጭና ቆማለች። ደስታ ነው ብዬ እጄን ስሜ ላክሁላት።

ዋንጫው ተሰጠን፣ ሜዳሊያ አንገታችን ላይ ዋለ። የቡድኔ ልጆች ከተማ ሊወጡ ሲሉ አክስቴ «ግሪስሃይም አዳራሹ ውስጥ ምግብ አዘጋጅተንልሻል» አለችኝ። ጭቃዬን እንደያዝኩ በአንድ የጉባኤ ሰው መኪና ገባሁ። መንገዱን ሙሉ ዘፈንኩ፤ የተቀበለኝ አልነበረም።

አዳራሹን ከፍቼ ስገባ ወንበሮቹ ግድግዳ ተጠግተው ተደርድረዋል፣ መሃሉ ባዶ ነው። ከእኛ ወገን የሆነ ሰው ወንበር እንዲህ ተደርድሮ ሲያይ ማስረዳት አያስፈልገውም። ከሜዳ ቀድመው የደረሱት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። ዋናው ሽማግሌ፣ የጓደኛዬ አባት፣ ከፊቴ ቆሙ።

«ልጄ፣ ተቀመጪ። እናትሽ ወደ ጌታ ሄዳለች።»

«መቼ?» አልኩ።

«ዓርብ።»

«ጋሼ፣ የትኛው ዓርብ?»

ወደ አክስቴ ዞርኩ፤ ዓይኗን ሰበረች። ክፍሉን ሁሉ አየሁ፣ አንድ ሰው እንኳ አልደነገጠም። ያኔ ነው የገባኝ። የእናቴን ሞት ከመስማቴ ይልቅ ያ አለመደንገጣቸው ነው የጎዳኝ።

ከዚያ ለቅሶው ፈነዳ። ሳምንት ሙሉ ያፈኑትን ለቀቁት። አክስቴ መሬት ላይ ወድቃ «እህቴን፣ እህቴን» እያለች ጮኸች። ስለ እሷ ሳስብ አሁን አዝናለሁ፤ እሷም በገዛ ቤቷ ውኃ ከፍታ ነበር የምታለቅሰው። ያን ቀን ግን ደግፈው ያነሷት እኔን ሳይሆን እሷን ነው፤ እኔ ደርቄ ቆሜያለሁ። አንዲት ሴት ቀስ ብላ ከኋላዬ መጥታ ሜዳሊያውን ከአንገቴ አወለቀች። ሐዘንተኛ ጌጥ አያደርግም። ሽማግሌው «ተስፋ እንደሌላቸው አናልቅስ» አሉ። ለእነሱ ለመናገር ቀላል ነበር፣ አልቅሰው ጨርሰዋል።

ሐዋሳ ስደርስ ድንኳኑ ፈርሷል፣ ጎረቤቱም ወደ ሥራው ተመልሷል። ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «እግዜር ያጥናሽ» ይለኝና ወዲያው የጀርመንን አየር ይጠይቀኛል። ሐዘኔ ያረጀ ወሬ ሆኖ ጠበቀኝ። የእናቴ ስልክ ወንድሜ ኪስ ውስጥ ነበር። አውጥቶ ሲያየኝ ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነው።

«አንተ ነህ የጻፍክልኝ?»

«አክስቴ ያለችኝን ነው» አለኝ። «ድምፅሽን ግን ለብቻዬ ሰማሁት። ቀብረናት የመጣን ቀን ነው የደረሰው።»

እናቴ ፍጻሜ መግባታችንን ሳታውቅ ሞተች። እኔ ግን ጌታ ያግዝሽ ብላኛለች ብዬ ያን ጽሑፍ መልበሻ ክፍል ውስጥ ለቡድኑ ሁሉ ተርጉሜ አንብቤ ነበር። ልጆቹ አጨብጭበውላታል።

ስመለስ ከአክስቴ ጋር ተጣላሁ። መቼም እሷ በክርክር አትሸነፍም።

«ብነግርሽ ለቀብር ትደርሺ ነበር?»

«አልደርስም።»

«ብቻሽን አውሮፕላን ላይ ታለቅሺ ነበር ወይስ አታለቅሺም?»

«አለቅስ ነበር።»

«ይኸው» አለችኝ።

«ያን ሳምንት ሳቅሁ እኮ» አልኳት። «ጫማ ገዛሁ፣ ቀለድኩ፣ ጨፈርኩ። እናቱ የሞተችበት ሰው ሳምንት አይደለም።»

«ታዲያ መሳቅሽ ምን ጎዳሽ?» አለች፣ ከልቧ ግራ ገብቷት። ከዚያ በኋላ ዕቃዬን ይዤ ወጣሁ፤ ግሪስሃይም ርካሽ ክፍል ተከራየሁ። ወደ አዳራሹ ግን፣ በእግር የሚደረስ ሆኖ ሳለ፣ እግሬን አላነሳሁም።

ጓደኛዬ ለቅሶ አልደረሰችኝም ነበር። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥም አልነበረችም። ተቀየምኳት፣ እያደር ግን ቅያሜዬን ሌላ ነገር ይበላው ጀመር፤ ያ እግሯ። በመጨረሻ ቬስትኤንድ ድረስ ሄጄ ከትምህርቷ ስትወጣ ጠበቅኋት። ሕንፃው ፊት ያለው ሣር ላይ ተቀመጥን። ቡድኑን እንደተወች ነገረችኝ። ልጆቹ ጎሉን በስልክ ቀርጸውት ነበር፤ እየደጋገሙ አሳይተው «ምን ሆነሽ ነው?» ይሏታል። ምን ብላ ትመልስላቸው?

«ለቀቅሽልኝ?» አልኳት።

እንደ ልማዷ በጀርመንኛ ነው የመለሰችልኝ። አባቷ ሳምንቱን ሁሉ ዝም እንድትል አዘዋት ነበር። የጨዋታው ጠዋት ደግሞ ቁርስ ላይ፣ «ከሰዓት በኋላ የሚጠብቃትን ታውቂያለሽ፤ ዛሬ እንኳ ደስ ቢላት ምን አለበት፣ አትጨክኚባት» አሏት። በጸሎታቸው ለሁለታችንም ድል የተመኙት ሰውዬ የገዛ ልጃቸውን ሽንፈት ለምነዋል።

«አይሆንም አልኩት» አለች። «የኔም የመጀመሪያ ፍጻሜ ነው አልኩት። ሙሉውን ጨዋታ አንዴም አላሳለፍኩሽም፣ አይተሻል።»

«ታዲያስ?»

«ኳሱን ይዘሽ ስትመጪ እየሳቅሽ ነበር። እግሬን ማስገባት አቃተኝ።»

ከዚያ ሁሉ ውሸት መካከል ያቺ ጎል ብቻ የራሴ ናት ብዬ ነበር የያዝኳት። ማንም ሳይመክርባት፣ ማንም ቀን ሳይመርጥላት፣ በእግሬ ያገኘኋት። እሷም የለቅሶ መጽናኛ ሆና ተገኘች። ደሜ ፈላ። «ማን ለመነሽ?» አልኳት። «አንቺም እንደነሱው ነሽ። ለምን አልነገርሽኝም? ከጨዋታው በፊት መልበሻ ክፍሉ በር ላይ ተገናኝተን አልነበረም እንዴ?»

ከዚያ፣ ከማስታውሰው ጊዜ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በተሰባበረ አማርኛ ጠየቀችኝ። «የሞተችው የኔ እናት ብትሆን፣ አንቺ እዚያ በር ላይ ትነግሪኝ ነበር?»

አዎ ልላት ነበር። ይህን አዎ ለወራት ይዤው ዞሬያለሁ፣ አክስቴ ላይ ጮኬበታለሁ። ግን እዚያ በር ላይ ስትመጣ ታየችኝ፤ ፀጉሯን በነጭ ፕላስተር አስራ፣ ታኬታዋን በእጇ ይዛ፣ ፊቷ በፍርሃትና በደስታ ቀልቶ፣ በሕይወቷ የመጀመሪያውን ፍጻሜ ልትጫወት ስትቸኩል።

«አልነግርሽም ነበር» አልኳት።

እውነቴን ነው። አክስቴን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም፤ ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የምመልሰው የለኝም።